ሆድ ውስጥ ያለው አውሮፕላን፦ ስለ «4630 ቦኹም» ለተጻፈው ሂስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ ስለ ጀርመናዊው ዘፋኝ ስለ ኸርበርት ግሮነማየር የተጻፈ የአማርኛ ሂስ ላከችልኝ። የሚያተኩረው በ1984 በወጣው «4630 ቦኹም» በተባለው አልበም ላይ ነው፤ ቦኹም የጀርመን ከተማ ናት፣ 4630 ደግሞ የዚያን ጊዜ የፖስታ ቁጥሯ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ጸሐፊው አልበሙን የሰሙት ጀርመኖች ለምን እንዲህ እንደሚወዱት ለመረዳት ነበር። የደረሱበት ፍርድ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰውየው ገበያ ፈልጎ ቀላል ቀላሉን መረጠ፤ ዘፈኖቹ ተራ የዕለት ኑሮን ከመዘርዘር አያልፉም፤ ስለ መጠጥ የተዘፈነው መጠጥን ያወድሳል፤ ስለ ወንዶች የተዘፈነው ወንዶችን ያሞግሳል፤ ድምፁ ጩኸት ነው፤ ስለ ከተማው የተዘፈነው ያለፈ ዘመን ናፍቆት ነው፤ ሲጠቃለል ደግሞ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችንም አይደለም።

እኔ የምኖረው እዚያው ቦኹም ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሆነኝ፤ እንጀራዬም አውቶቡስ መንዳት ነው። ጸሐፊው ተራ ያሉትን ኑሮ በየቀኑ ከጭንቅላቴ በላይ ባለው መስታወት አየዋለሁ፦ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ የሚያንቀላፋውን፣ ልጅ አዝላ አራት ፌስታል የያዘችውን፣ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ወረቀቱን አሥር ጊዜ የሚያነቡትን ሽማግሌ። ጀርመንኛዬ ገና በሚንተባተብበት ዘመን ይህን አልበም የሰጡኝ ከበላዬ ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። እኔ በልቤ እማማ እላቸው ነበር። አንድ ቀን በር አንኳኩተው ካሴቱን አቀበሉኝና «ልጄ፣ ቋንቋችንን በዚህ ተማሪ» አሉኝ። ተማርኩበት። ስለዚህ ሂሱን አንብቤ ዝም ብል ለእሳቸውም ለራሴም ቅር ይለኛል።

ገበያ ፈልጎ ነው ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ግሮነማየር በ1956 ጎቲንገን ተወለደ፤ ያደገው ግን ቦኹም ነው። አባቱ የማዕድን መሐንዲስ ነበሩ። ገና ወጣት ሳለ በከተማው ታላቅ ቴአትር ቤት ፒያኖ ይመታ ነበር፤ በ1981 ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በተሠራው ዝነኛ ፊልም ውስጥ የጦር ዘጋቢውን ሆኖ ተጫወተ። ከዚህ አልበም በፊት አራት አልበሞች አውጥቶ አራቱም ወድቀውበታል። አሳታሚው አሰናብቶታል። አምስተኛውን በሌላ አሳታሚ ሲያወጣ በፖስታ ቁጥር የተሰየመ፣ ስለ አንዲት ጥላሸት የጠገበች የሠራተኛ ከተማ የሚዘፍን ሸክላ ያዋጣል ብሎ የሚወራረድ ነጋዴ ይገኝ ነበር? አልበሙ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። መሸጡን እንደ ጥፋት መቁጠር ደግሞ ሰሚውን መናቅ ነው።

አሁን ጸሐፊው በጣም ወደተሳለቁበት ወደ ፓርኪንጉ ልምጣ። «ማምቦ» የሚባለው ዘፈን ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ወደ ፍቅረኛው ለመሄድ መኪናውን ይዞ ወጥቷል። ሰፈሯ ደርሷል። ግን ማቆሚያ የለም። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሰዓቱ ያልፋል፤ እሷ እየጠበቀች ነው፤ እሱ እዚያው በሯ ላይ ሆኖ ሊደርስባት አልቻለም። ዜማው ለጭፈራ የተሠራ ነው፤ ሰውየው ግን ላብ አጥምቆታል። ጸሐፊው ይህን ከእኛ ዘፈኖች ጋር አወዳደሩት። የእኛ አፍቃሪ ወንዝ ያቋርጣል፣ ተራራ ይወጣል፤ ይህኛው ቤንዚን ይፈጃል አሉ።

እስቲ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። የእኛ ዘፈን ውስጥ ወንዝ የሞላው ለምንድን ነው? ዘፋኙ ወንዝ ከፍ ያለ ነገር ነው ብሎ ከሰማይ አላወረደውም። በክረምት ወንዙ እውነት ይሞላ ነበር፤ ድልድይ አልነበረም፤ ሰው ወዲያ ማዶ ላለችው እየናፈቀ ወዲህ ማዶ ይቀመጥ ነበር። ያ የሱ የዕለት ኑሮ ነው። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ የሚያነሱት የወፍጮውን ክብደትና የአማታቸውን ነገር ነው፤ እረኛው የሚዘፍነው ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ነው። እኛ ዛሬ ከሩቅ ሆነን ስንሰማው ግርማ አለበስነው እንጂ፣ ለአንጎራጓሪዋ ወፍጮው ወፍጮ ነበር። በቦኹም ሰው ከሰው የሚለየው ወንዝ ሞልቶ አይደለም። ማታ ማታ አንዱን መኪና በአንድ ጎዳና ሦስት ጊዜ ሲዞር አልፈዋለሁ፤ በሦስተኛው ዙር የሹፌሩን ፊት ስታዩት ደርሶ ያልደረሰ ሰው ፊት ነው። ይህን አይቶ ዘፈን ያደረገ ሰው ሥራው ወንዙን ከዘፈነው አዝማሪ ሥራ አይለይም።

ሁለተኛው መሳለቂያ «ፍሉግዞይገ ኢም ባውኽ» የሚለው ርዕስ ነው። ጸሐፊው «አውሮፕላኖች በሆድ ውስጥ» ብለው ተረጎሙትና ትርጉም የለሽ ነው አሉ። ትርጉሙስ ቃል በቃል ልክ ነው። ያመለጣቸው ነገር አለ፤ ጀርመኖች ፍቅር ሲጀምራቸው «ሆዴ ውስጥ ቢራቢሮዎች አሉ» ይላሉ። ሁሉም የሚያውቀው፣ ልጅ ሳይቀር የሚለው ነገር ነው። ግሮነማየር ቢራቢሮዋን አወጣና አውሮፕላን አስገባበት። ዘፈኑ ደግሞ ስለ ፍቅር መጀመሪያ አይደለም። ሴትዮዋ ትታው ሄዳለች፤ እሱ ፍቅሬን አትፈልጊውም፣ እንግዲያው ልቤን መልሺልኝ እያለ ይለምናል። ያቺ ቀላል፣ የምታኮረኩር ቢራቢሮ በመለያየት ጊዜ ብረት ሆናለች፤ ትጮኻለች፣ ትከብዳለች፣ ነዳጅ ነዳጅ ትሸታለች። በአንድ ቃል ለውጥ ይህን ሁሉ መናገር ለእኔ ቅኔ ነው።

ደግሞ ስለ ሆድ ማን ለማን ያስረዳል? እኛ እኮ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ባባ፣ ሆዴ ተላወሰ፣ ሆድ ይፍጀው የምንል ሕዝብ ነን። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» ብለን እንጠራለን። ጀርመንኛን እየተማርኩ ይህ ዘፈን ላይ ስደርስ መዝገበ ቃላት ያወጣሁት ለአውሮፕላን ብቻ ነው፤ ለሆዱ አላስፈለገኝም። በዚያች ሌሊት ጀርመኖችም እንደ እኛ በሆዳቸው እንደሚያዝኑ አወቅሁ። በ1998 ኦሊ ፒ የተባለ ወጣት ይህንኑ ዘፈን በራፕ አድርጎት የአገሪቱ ቁጥር አንድ ሆኗል። ከ14 ዓመት በኋላ መጀመሪያ ሲወጣ ገና ሕፃናት የነበሩ ሰዎች ሲዘፍኑት ነበር ማለት ነው።

«አልኮሆል» ላይ የተባለው ግን አስደንግጦኛል። ጸሐፊው መጠጥን ያወድሳል ብለው ልጆች እንዳይሰሙት እስከ መምከር ሄደዋል። እውነት ነው፣ አዝማቹ ላይ መጠጥ በችግር ጊዜ የሚደርስልህ የሕክምና ሰው፣ ፓራሹትህ፣ የነፍስ አድን ጀልባህ ነው ይላል። ጸሐፊው እዚህ ላይ መስማት አቆሙ። የሚቀጥሉት ስንኞች መጠጡን የቆምክበት ቀጭን ሽቦ ያደርጉትና በመጨረሻ አብረኸው የምትሰምጥበት መርከብ ነው ይላሉ። ጀልባው ነው መርከቡ! ከመስጠም ያድነኛል ብሎ የተሳፈረበት ነው ያሰጠመው። ከአዝማቹ በፊት ያለውስ? ሌሊቱን ቀን አድርጎ ያደረ ሰው ቁርሱን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይበላል፤ ራሱ እንደ እርሳስ ከብዶታል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ይህ ውዳሴ ከሆነ ውግዘቱ ምን ሊሆን ነው? ሰምና ወርቅ የሚፈታ ሕዝብ ሰሙን ብቻ ይዞ ሲሄድ ያሳዝናል። ዘፋኙ ሰካራሙን ከውጭ ሆኖ አልሰደበም፤ ሰካራሙ ለራሱ የሚነግረውን ውሸት በራሱ አፍ አናገረው፣ ውሸቱም እዚያው ፈረሰ። ዓርብ ሌሊት የመጨረሻውን አውቶቡስ ለሚነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

«ሜነር»፣ ማለትም «ወንዶች»፣ ብዙ የተወራለት ዘፈን ነው። ጸሐፊው የወንድነት ሙገሳ አሉት። ዝርዝሩን ግን ሙሉውን እንየው። ወንዶች ያቅፋሉ፣ መጠጊያ ይሆናሉ፣ ተደብቀው ያለቅሳሉ፣ ብዙ ርኅራኄ ይሻሉ ይላል። እዚያው ትንፋሽ ላይ ሴት ይገዛሉ፣ ጦርነት ያካሂዳሉ፣ ሮኬት ይሠራሉ፣ ልባቸው በድንገት ይቆማል ይላል። ሴት የሚገዛ ሰው እየተሞገሰ ነው? ላያቸው ድንጋይ ውስጣቸው ለስላሳ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በወንድነት ልክ የተመተሩ ናቸው ይልና ደጋግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ወንድ ወንድ የሚሆነው መቼ ነው? አይመልስም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ባደገ ማኅበረሰብ ውስጥ ወንድሞች ላሏት ለእኔ ይህ ጥያቄ የጀርመን ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ባልደረባዬ ሚስቱ በሞተች በሳምንቱ ሥራ ገባ። ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጋራዡ ውስጥ ሳልፍ መብራት ያልበራበት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሲያየኝ የመስታወት መጥረጊያውን አስነሳ። ጋራዡ ጣሪያ አለው፤ ዝናብ የለም። እጄን አንሥቼ ሰላም አልኩትና አለፍኩ፣ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ያን ጠዋት በሙሉ በጆሮዬ የነበረው ይህ ዘፈን ነው።

ስለ ድምፁ ብዙ አልከራከርም። ቃል ይውጣል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴ የሚያቃጥል ነገር በአፉ እንደያዘ ሰው ነው የሚዘፍነው። ጀርመኖችም ይህን ያነሣሉ። ድምፀ መረዋ የሚፈልግ ሌላ ዘንድ ይሂድ። ለእኔ ግን ያ የታነቀ ድምፅ የሚዘፍነውን ኑሮ ይመስላል። በአንድ ነጥብ ደግሞ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ በአልበሙ ካሉት አሥር ዘፈኖች ሁሉም እኩል አይደሉም። ሁለት ሦስቱ ሰምተዋቸው የሚያልፉ ናቸው፣ የኪቦርዱ ድምፅም የዘመኑ አቧራ ተጭኖታል። ይህን አልክድም።

ተራ ኑሮ ብቻ ነው ለሚለው ክስም «አሜሪካ» የሚለውን ዘፈን የዘለሉት ይመስለኛል። በ1983 መጨረሻ የአሜሪካ የኑክሌር ሚሳይሎች ምዕራብ ጀርመን መተከል ጀመሩ። ዘፈኑ ለአሜሪካ ብዙ ውለታ ውለሽልናል፣ ይህን ግን አታድርጊብን ይላታል። የሰው ጓሮ ውስጥ ሚሳይል ሲተከል እሱም የዕለት ኑሮ ሆነ እንግዲህ።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ስለ ከተማው የተባለው ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ዘፈን፣ «ቦኹም» የሚለውን፣ የናፍቆት እንባ አሉት፤ ከተማዋን አስጊጦ ያቀርባል አሉ። ዘፈኑ እኮ ከተማዋን በፊቷ ቆንጆ አይደለሽም ይላታል! በሥራ ብዛት ግራጫ ሆነሻል፣ አለመታደል ሆኖ የተገነባሽው ሁሉ ተበላሽቶ ነው፣ ማንነትሽ ግን እሱ ነው ይላታል። ቦኹም እንደ ጎረቤቷ ዱሰልዶርፍ ኬኒግሳሌ የሚባል ጎዳና አላት። የዱሰልዶርፉ የፋሽን መደብሮች የተደረደሩበት ነው። በአንቺ ኬኒግሳሌ ላይ የፋሽን ትርኢት የለም ይላትና ወዲያው ደግሞ ለመሆኑ ዱሰልዶርፍ ማን ይኖራል ብሎ ይጠይቃል። ከተማዋ በጦርነቱ በቦምብ ወድማ በጥድፊያ የተሠራች ናት፤ ዛሬም መሐል ከተማውን ያየ ሰው ዘፈኑ እንዳልዋሸ ያውቃል። እናቱን የሚወድ ልጅ ፊቷ ላይ ያለውን ማድያት አይቶ እንደሚናገረው ነው የተናገረው።

ናፍቆት የሚለውም ቢሆን ዓመቶቹን ስታስተያዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የቦኹም የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ፣ ሃኖፈር የሚባለው፣ የተዘጋው በ1973 ነው። አልበሙ ሲወጣ 11 ዓመት አልፎታል። ግሮነማየር ከሰል ያላትን ከተማ አልዘፈነም፤ ከሰሏን አጥታ በብረትና በመኪና ፋብሪካ የቆመችን ከተማ ነው የዘፈነው። በአዝማቹ ላይ «ግሉክ አውፍ» ይላታል። ይህ ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ሲወርዱ የሚለዋወጡት ሰላምታ ነው፤ በደህና ወደ ላይ ተመለስ እንደማለት። እማማ ሲነግሩኝ ባላቸው ማለዳ ከቤት ሲወጣ «ደህና ዋል» ብለውት አያውቁም፤ ይህንኑ ነበር የሚሉት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን እኔ ራሴ አይቻለሁ። ኖኪያ በ2008 ፋብሪካውን ዘጋ። ከ1962 ጀምሮ ሲሠራ የነበረው የኦፔል ፋብሪካ በታኅሣሥ 2014 የመጨረሻውን መኪና አወጣ። በዚያ መስመር እነዳ ነበር። በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት አውቶቡሱ ሰው አይበቃውም ነበር፤ የቡና መያዣ ፔርሙዝ እርስ በርሱ ሲጋጭ ይሰማ ነበር። ከተዘጋ በኋላ ባለው ጥር በዚያው ሰዓት በዚያው ፌርማታ በሩን ከፈትኩ፤ ብርድ ብቻ ገባ። ለብዙ ቀናት ማንም እንደማይሳፈር እያወቅሁ በሩን እከፍት ነበር።

4630 የሚለው ቁጥርም ዛሬ የለም። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1993፣ የፖስታ ቁጥሮች ሁሉ ባለ አምስት አሐዝ ሆኑ። በአልበሙ ርዕስ ደብዳቤ ብትልኩ የሚደርስበት ቦታ የለም። ነገር ግን የከተማው የእግር ኳስ ቡድን፣ ፋው ኤፍ ኤል ቦኹም፣ በሜዳው በተጫወተ ቁጥር ከጨዋታው በፊት ስታዲየሙ በሙሉ ተነሥቶ ዘፈኑን ይዘፍናል። አያቶቻቸው ከቱርክና ከፖላንድ የመጡ ልጆች አንገታቸው ላይ ሰማያዊና ነጭ ሻርፕ ጠምጥመው ይዘፍኑታል። እዚህ የተወለደው ልጄም ይዘፍነዋል፤ የከሰል ጉድጓድ ያየው በሙዚየም ነው። በ2024 አልበሙ 40 ዓመት ሲሞላው ግሮነማየር እዚያው ስታዲየም ተመልሶ ሙሉውን አልበም ዘፈነው። ናፍቆት ያላዩትን ሰዎች እንዲህ ያስነሣል?

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ፤ ለእኛ ምናችንም አይደለም ወደተባለው። ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ አንድ ነገር አላወቁም መሰለኝ፤ ቢያውቁ እንዲህ አይሉም ነበር። አልበሙ በወጣ በወራት ውስጥ፣ በ1985 መጀመሪያ፣ የጀርመን ዘፋኞች ተሰባስበው በአገራችን በረሃብ ለሚያልቀው ሕዝብ አንድ ዘፈን አወጡ። የቡድኑ ስም «ባንድ ፉር አፍሪካ» ነበር፤ የዘፈኑ ርዕስ «ናክት ኢም ቪንት» ነው፣ «በነፋስ ውስጥ ራቁቱን» ማለት ነው። ያዘጋጁት ግሮነማየርና የኮሎኙ ዘፋኝ ቮልፍጋንግ ኒደከን ናቸው። በዚያ ዓመት ከጀርመን ዘፋኞች ሁሉ በላይ ስሙ የሚጠራው ሰው ስለ ፓርኪንግና ስለ ግራጫ ከተማ የዘፈነበትን ያንኑ ጉሮሮ ስለ እኛም ተጠቅሞበታል። ለሰፈሩ የሚጨነቅ ሰው ስለ ሩቁ አያስብም ያለው ማን ነው?

ይህን የነገረኝ መጽሐፍ አይደለም። ካሴቱን ከሰጡኝ ከወራት በኋላ እማማ ቡና ጠርተውኝ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ እስከዚያ ቀን በቅጡ አልተጠያየቅንም ነበር። ኢትዮጵያ አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ሥር ተንበርክከው ሸክሎቹን ማገላበጥ ጀመሩ። «4630 ቦኹም»ን አወጡ፤ ከሱ አጠገብ የነበረችውን ትንሽዋን ሸክላ አወጡና እጄ ላይ አኖሯት። የዋጋዋ ወረቀት አሁንም ተለጥፎባታል። ባላቸው ከሥራ ሲመለሱ እንደገዟት፣ አንድ ለቤታቸው አንድ ለእህታቸው ብለው ሁለት እንዳመጡ ነገሩኝ። ከኢትዮጵያ የትኛው አገር ነሽ አሉኝ። ወሎ አልኳቸው፤ በዚያ ዓመት ሰባት ዓመቴ ነበር።